ከዶሉተግራቪሩ ጋር አብረህ አትዋጠው

ወንድሜ፣

ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቴ ልክ አይደለም፤ ይቅር በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን ያስነሳኝ እህትህ የላከችልኝ የብልቃጡ ፎቶ ነው። ለሆድህ ብለህ ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያዋን ባክቴሪያዎች ወይም እርሾ) መጀመርህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ጀርባውን ሳነብ ግን ደነገጥኩ፤ ከባክቴሪያዎቹ ሌላ ዚንክና ማግኒዥየም አለበት። አንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከኤችአይቪ መድኃኒትህ ከዶሉተግራቪር ጋር በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጠዋለህ አሉ። መቼም ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አንብበህ አታውቅ!

ከዛሬ ጀምሮ ለያያቸው። እነዚህ ማዕድናት ዶሉተግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል፤ ወደ ደም የሚደርሰው ያንሳል። አንድ ቀን ሳታጓድል እየዋጥክ እንኳ ቫይረሱ ሊያንሰራራና መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል። ዶሉተግራቪሩን አስቀድምና ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይተህ ሌላውን ውሰድ። ተሳስተህ ሌላውን ካስቀደምክ ግን 6 ሰዓት ቆይተህ ዶሉተግራቪሩን ውሰድ። «ከምግብ ጋር ከተወሰደ ምንም አይል» ሲባል ሰምተህ ይሆናል፤ እሱ ለካልሲየምና ለብረት ነው፣ ለማግኒዥየም አይሠራም። ከሁሉም የሚሻለው ማዕድን የሌለበትን መግዛት ነው።

ሐሳብህ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቫይረሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉኛ የሚያጠቃው አንጀት ግድግዳ ውስጥ ያሉትን ሲዲ4 የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ነው። ግድግዳው ይሳሳል፣ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል፣ ሰውነትም ሲቆጣ ይኖራል። መድኃኒቱ ቫይረሱን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቢያወርደውም ይህ ቁጣ ሙሉ በሙሉ አይበርድም። ፕሮባዮቲክ የሚሞከረው ለዚህ ነው። ተቅማጥ እንዳቀለለ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ሲዲ4ን ይጨምራል ወይ ለሚለው ግን አንዱ አዎ ሲል ሌላው ለውጥ አላየም። የመድኃኒትህ ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም።

ስትገዛ ሙሉ ስሙን ፈልግ፤ «ላክቶባሲለስ» ብቻ አይበቃም፣ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» ብሎ እስከ ዝርያው መጻፍ አለበት። ብዙዎቹ በቀን ከ1 እስከ 10 ቢሊዮን ሕያዋን ባክቴሪያዎች ይይዛሉ፤ ቁጥሩ እስከ ማብቂያው ቀን የተረጋገጠ እንጂ ሲመረት የተቆጠረ አይሁን። ዱቄት ከሆነ ትኩስ ነገር ላይ አትበጥብጠው፣ ይሞታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድህን ቢነፋህ አትደንግጥ፣ መጠኑን ቀንሰህ ቀጥል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ የምትወስድ ከሆነ በእሱና በፕሮባዮቲኩ መካከል የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር። ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የሚባለው እርሾ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም፤ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል ግን ሊገድለው ይችላል።

አንድ ነገር ቀረ፤ መጠየቁ ከብዶኝ ወደ መጨረሻ ገፋሁት። የመጨረሻው ሲዲ4ህ ስንት ነበር? ከ200 በታች ከሆነ፣ ወይም ደረትህ ላይ ለመርፌ የተተከለ ቱቦ ካለህ፣ ሐኪምህ ሳይፈቅድ አንዲት ፍሬ አትውሰድ። ሕያው ነገር ነውና አቅም ባነሰው ሰው ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ አቁመህ ወዲያው ሂድ፤ ላቦራቶሪው ፕሮባዮቲኩንም ደምህ ውስጥ እንዲፈልግ ብልቃጡን ይዘህ ሂድ። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ክብደትህ እየቀነሰ ከሆነም መንስኤው ይመርመር፣ በፕሮባዮቲክ አትሸፋፍነው።

ቀጠሮህን አትጠብቅ። ነገ ክሊኒክህ ደውልና ሁለቱን ለስንት ሳምንት አብረህ እንደዋጥክ ንገራቸው፤ የቫይረስ መጠንህን ቀደም ብለው ሊለኩልህ ይችላሉ። ያሉህን ማታውኑ ጻፍልኝ፤ በዚህኛው አልጠፋም።

ወንድምህ