የጤና ክበብ ዘገባ፦ ከንፈር ገልጦ ማየት

ክበባችን ዘንድሮ ዋንጫ አላመጣም። ዋንጫውን የስፖርት ክበብ፣ ጭብጨባውን የድራማ ክበብ ወስደውታል፤ ይገባቸዋልም። እኛ የያዝነው የኦ ክፍል ሕፃናትን ጥርስ ነው። «ለሚወልቅ ጥርስ ይህን ያህል ድካም?» ያሉኝ ባልደረቦች ስላሉ፣ ምን ስንሠራ እንደከረምን እነሱም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ስብሰባው እንደማንኛውም ክበብ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ተገናኘን፣ ሥራ አስፈጻሚ መረጥን፣ በሚኒ ሚዲያ 4 ዝግጅት አቀረብን። ሁለት ስብሰባ በፈተና ምክንያት ቀርቷል።

የማልረሳው በኅዳር ወር 14 አባላት ይዤ በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ የሄድንበትን ጠዋት ነው። የመንዝን የኅዳር ብርድ ታውቁታላችሁ። እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው በረንዳው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ሲስተሯ እጇን ታጥባ፣ የእያንዳንዱን ሕፃን የላይኛ ከንፈር በጣቷ ቀስ አድርጋ ትገልጣለች። አንዱ የ15 ወር ልጅ ጥርሱ ከድዱ ሥር ኖራ የተቀባ ይመስል ነጭ መስመር አለው። «ይኼ የመበስበስ መጀመሪያው ነው፤ ሳይቦረቦር ከደረስንበት ይመለሳል» አለቻት እናቱን። ማታ ምን ይዞ ይተኛል ስትላት፣ ስኳር ያለው ሻይ በጡጦ። አልተቆጣቻትም። «ጡጦውን ተይው፤ ሌሊት ከጠማው ውሃ በኩባያ» ብቻ ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ቀጥሎ አንዲት አያት ተቅማጥ የያዘው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ቀረቡ። «ግግ ነው፤ ነገ ላስወጣለት ነው» አሉ፤ ተቅማጡን ያመጣው ያበጠው ድዱ ነው ማለታቸው ነው። ሲስተሯ ድዱን አሳየቻቸው፦ ያበጠው ገና ያልወጣው ክራንቻ ነው፣ ትልም አይደለም፣ በሽታም አይደለም፤ በጋለ መርፌ ሲወጣ ልጁ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። አያት አላመኑም፤ ፊታቸውን አዞሩ።

ይኼን ጊዜ ከኋላዬ የነበረች የሰባተኛ ክፍል ልጅ ወደ ፊት ወጣች። ክፍል ውስጥ ስጠይቃት እንኳ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት። «እማማ፣ የኔን አውጥተውት ነበር፤ ይዩት» ብላ ከንፈሯን በራሷ ጣት ገለጠች። በክራንቻዋ ቦታ የተጣመመች ቁራጭ ጥርስ አለች። እኔ የባዮሎጂ መምህሯ ዓመት ሙሉ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ከዓይን አፋርነት ይመስለኝ ነበር። አያት አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯትና ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ተቀብለው ሄዱ። ነገ ያሉትን ይተዉት አይተዉት አላውቅም።

በእኛ አካባቢ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚኬደው ጉንጭ ሲያብጥ ነው። ነርስ ግን ሕፃኑን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ለክትባት ታገኘዋለች። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር አካባቢ ስለሚወጣ፣ አፉን ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የተሟገተው ለዚህች አንዲት ነገር ነው፦ በክትባት ቀን ከንፈር ገልጦ ማየት።

ሲስተሯ ኦ ክፍል ሦስት ጊዜ መጥታለች፤ በምሳ ሰዓቷ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል እንደሚበቃ፣ ቦርሾ መትፋት እንጂ ደጋግሞ መጉመጥመጥ እንደማያስፈልግ አሳየች። መፋቂያን አላጣጣለችም፤ ለትንንሾቹ ግን ለስላሳ ብሩሽ በወላጅ እጅ ይሻላል አለች። ወላጆችን ያስገረመው በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ነው። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ የወተት ጥርስ ነው ብለው ይተዉታል፤ እሱ ግን ከተበላሸ ተተኪ የለውም።

ያልሆነልን አለ። ቆሎ ሸጠን የገዛነው ብሩሽ 46 ነው፣ ልጆቹ 71። ቧንቧው ከጥር ጀምሮ ስለደረቀ አባላቱ ከየቤታቸው በጀሪካን ውሃ ተሸክመዋል። ሮቶ ይገዛልን ብለን ሦስት ጊዜ ጽፈን «በበጀት አልተያዘም» ተባልን። የግቢው በር ግን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ያምራል።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ለሲስተሯ በወር አንድ ከሰዓት እንዲፈቀድላት ደብዳቤ ቢጽፍልን፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችንም በአንዲት ሮቶ ቢተባበሩን ለመስከረም እንደርሳለን። ብሩሽ የምትሰጡ ለስላሳውን፣ የሕፃን የሚለውን ግዙ። ብሩሹ የሚቀመጥበት የላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ቁልፍ እኔ ጋ ነው።