ስለ «ብለዲ» አመጣጥ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

«ብለዲ» (bloody፣ ቃል በቃል «ደም ያለበት») የተባለው የእንግሊዞች የስድብ ቃል «በእመቤታችን» (by our Lady) ከሚል መሐላ ተሸራርፎ የቀረ ነው የሚለው ማብራሪያ በየጊዜው ስለሚደጋገም ይህን አጭር አስተያየት ልኬያለሁ። ማብራሪያው ለጆሮ ቢጥምም የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች አይቀበሉትም፤ ቃሉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ የሚገኘው ለብቻው እንደቆመ መሐላ ሳይሆን፣ እኛ «ክፉኛ ሰክሯል» እንደምንለው፣ ቅጽልን ለማጠንከር ገብቶ ነውና። «የጋሊቨር ጉዞዎች» ደራሲ ጆናታን ስዊፍት፣ ያውም ቄስ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1711 በጻፈው ደብዳቤ የዕለቱን ሙቀት በዚሁ ቃል ሲገልጽ አንዳች የማፈር ምልክት አላሳየም።

ነውርነቱ የመጣው ኋላ ላይ ሲሆን፣ መነሻውም ከትርጉሙ ይልቅ ቃሉ የተራው ሕዝብ አነጋገር ነው መባሉ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1914 የበርናርድ ሾው ተውኔት «ፒግማሊየን» ለንደን ውስጥ ሲታይ፣ እንደ ወይዘሮ ለብሳ ለሻይ የተጋበዘችው አበባ ሻጯ ኢላይዛ ቃሉን ከአፏ ስታወጣ ተመልካቹ በረዥም ሳቅ ተናወጠ፤ ጋዜጦችም ጉዳዩን መነጋገሪያ አደረጉት። አውስትራሊያውያን በአንጻሩ ቃሉን እንደ ዕለት ጉርስ ስለሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪዝም ማስታወቂያቸው ውስጥ አስገቡት፤ ማስታወቂያው ግን ለብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ በዚሁ ቃል ሰበብ በመጀመሪያ ታግዶ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢዎ