ለማርኮስ ባግዳቲስና እዚህ ላደረሱት ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ሰኔ 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የቆጵሮሱ ቴኒስ ተጫዋች ማርኮስ ባግዳቲስ በዊምብልደን ሁለተኛ ጨዋታው በጣሊያናዊው ማቴዎ ቤሬቲኒ 6 ለ 1፣ 7 ለ 6፣ 6 ለ 3 ተሸንፎ ራኬቱን ሰቀለ። ዕድሜው 34 ነበር። በዓለም ደረጃው ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያ ሜዳ ላይ አይገኝም ነበር። የገባው አዘጋጆቹ በሰጡት የግብዣ ቦታ፣ በዋይልድ ካርድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስጋናችን ለዊምብልደን አዘጋጆች ይድረስ፤ አንድ ተጫዋች በክብር እንዲሰናበት ማድረግ ግዴታቸው አልነበረምና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግብዣው ዋጋ የሚገባው አሠራሩን ለሚያውቅ ነው። በታላላቆቹ አራት ውድድሮች ከ128ቱ ቦታዎች 104ቱ በደረጃ ይሞላሉ፤ ደረጃው የሚታየውም ውድድሩ ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። 16ቱ ሦስት የማጣሪያ ጨዋታ ላሸነፉ ይሰጣሉ። የቀሩት 8 ቦታዎች ናቸው አዘጋጁ ለፈለገው የሚያድላቸው፤ ብዙውን ጊዜም ለአገሩ ልጆች ያድላቸዋል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ የሚያድሉት ቦታ በእጃቸው አለ። ቆጵሮስ ግን በአቲፒ (የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ደረጃ የሚዘጋጅ ውድድር አልነበራትምና ለልጇ የምትሰጠው፣ ከሌላ አገርም ጋር የምትለዋወጠው ቦታ አልነበራትም። የትንሽ አገር ተጫዋች እያንዳንዱን የደረጃ ነጥብ በእጁ ለቅሞ ነው የሚገባው። ባግዳቲስ ሲለቅም ያገዙት ሰዎች አሉ፤ ይህ መልእክት ይበልጡን ለእነሱ ነው።

ለወላጆቹ፦ በሊማሶል ከተማ በ5 ዓመቱ ከወንድሞቹ ጋር ራኬት አስይዛችሁታል። አባት ከሊባኖስ፣ እናት ከቆጵሮስ፤ ቤታችሁ በቴኒስ ሀብት የታወቀ አልነበረም። ልጁ ገና አሥራዎቹን እንደጀመረ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሙራቶግሉ የቴኒስ አካዳሚ ለመላክ መወሰናችሁ ከሁሉም ከባዱ ነበር ብለን እናምናለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ታዳጊ በየሳምንቱ የሚበልጡትንና የሚስተካከሉትን ብዙ ልጆች ማግኘት አለበት። ደሴት ላይ እነዚያው ሦስት አራት ልጆች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ሲመላለስ የሚያውቀውን ኳስ ብቻ መመለስ ይለምዳል። ለውድድር ደግሞ ሁልጊዜ አውሮፕላን መሳፈር አለበት፤ በአንድ አነስተኛ ውድድር የሚገኘው ገንዘብ የትኬቱን ዋጋ እንኳ አይመልስም። በአውቶቡስ አምስት ውድድር ከሚያዳርስ የፈረንሳይ ልጅ ጋር ፉክክሩ ከዚያ ይጀምራል።

ለኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ፦ የፓሪሱ ሥልጠና በእናንተ የነፃ ትምህርት ድጋፍ ነው የታገዘ። ከኦሊምፒክ የቴሌቪዥን ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ለአገሮች ሲከፋፈል የት እንደሚደርስ ለሚጠይቅ ሰው የምናሳየው አንድ ምሳሌ ይኸው ነው። በ2003 የአውስትራሊያን የታዳጊዎች ዋንጫ አንስቶ የዓለም ታዳጊዎች 1ኛ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ። በታዳጊ ደረጃ 1ኛ ሆነው በአዋቂዎቹ ዘንድ የጠፉ ብዙ ናቸው፤ የታዳጊ ነጥብ ወደ አዋቂዎች አይሻገርምና ከታች እንደገና ይጀመራል። እሱ በ2004 በዩኤስ ኦፕን ከፌደረር ላይ አንድ ዙር (ሴት፣ የአንድ ጨዋታ ክፍል) ነጥቋል፤ በ2005 ሜልቦርን ላይ፣ በአውስትራሊያ ኦፕን፣ አራተኛው ጨዋታ ድረስ ሄዷል።

ለአሠልጣኙ ጊዮም ፔር፦ ስለ 2006 የአውስትራሊያ ኦፕን ብዙ ተብሏል፤ ለእኛ ግን አሁንም ማስተማሪያ ነው። ባግዳቲስ ከዓለም 54ኛ ሆኖ ገባ። ስቴፓኔክን በአምስት ዙር፣ አንዲ ሮዲክን በአራት፣ ሊዩቢቺችን በአምስት አሸነፈ። በግማሽ ፍጻሜ ናልባንዲያን ሁለት ዙር ቀድሞት እያለ 3 ለ 6፣ 5 ለ 7፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 ገለበጠው። ለሠልጣኞች ደጋግመን የምናሳየው የሮዲክን ጨዋታ ነው። ያን የመሰለ ሰርቭ (ኳሱን የሚያስጀምር ምት) ሲመልስ ራኬቱን ወደ ኋላ አይወስድም፤ ትከሻውን ብቻ ያዞርና ኳሱ ገና ከመሬት እየተነሳ ሳለ ይቀበለዋል። ክንዱን አርቆ የሚወስድ ሰው በዚያ ፍጥነት ይዘገያል፤ ኳሱ ከሰውነቱ ጀርባ ያገኘውና ወደ ውጭ ይወጣበታል። በሁለት እጅ የሚመታው የግራ በኩል ምቱም በመስመሩ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚሁ ቀድሞ የመቀበል ልማድ ነው።

በፍጻሜው ፌደረርን የመጀመሪያውን ዙር 7 ለ 5 ቀደመው፤ በሁለተኛውም መጀመሪያ ላይ መርቶ ነበር። ከዚያ 5 ለ 7፣ 0 ለ 6፣ 2 ለ 6። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአምስት ዙር ጨዋታ የተመላለሰ እግር መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ይጠይቃል። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ላይ ከአጋሲ ጋር በአምስተኛው ዙር ጡንቻው ሲኮማተር ዓለም አይቶታል። ሕጉ ጠንካራ ነው፦ ለጡንቻ መኮማተር ጨዋታ አቋርጦ ሐኪም ማስገባት አይፈቀድም፤ ተጫዋቾቹ የሜዳ ወገን እስኪቀያየሩ መጠበቅ ግድ ነው። በላብ የሚወጣውን ጨው ሳይተኩ ውኃ ብቻ መጠጣትም አያድንም። ቆሞ ጨረሰ፤ 7 ለ 5 ተሸነፈ።

ለሜልቦርን ግሪኮችና ቆጵሮሳውያን፦ ባንዲራና ዘፈን ይዛችሁ መጥታችሁ ደሴቲቱ የሌላትን ደጋፊ ሰጥታችሁታል። በ2008 ከሂዊት ጋር የነበረው ጨዋታ ንጋት ላይ 10 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ሲያልቅ እንኳ ያልሄዳችሁ ነበራችሁ።

ራኬት ለሚወጥሩት ባለሙያዎች፦ ስማችሁ የትም አይጻፍም። ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ያህል ክር ይፈጃል፤ 200 ሜትር የሚይዝ ጥቅልል 16 ራኬት ገደማ ይወጥራል። ተጫዋች ለአንድ ጨዋታ አራትም ስድስትም አዲስ የተወጠረ ራኬት ይዞ ይገባል፤ ምክንያቱም ፖሊስተር ክር ቶሎ ይላላል፣ ኳሶቹም መጀመሪያ ከ7 ጌም (ዙሩ የሚቆጠርባቸው ትንንሽ ክፍሎች)፣ ከዚያ በየ9 ጌሙ ይቀየራሉ። አዲስ ኳስ በላላ ክር ሲመታ ከመስመር ያልፋል። እግር ኳስ ተጫዋች ይህን ክለቡ ይከፍልለታል፤ ቴኒስ ተጫዋች ከሽልማቱ ቀንሶ ይከፍላል። በ2012 ከቫቭሪንካ ጋር ሲጫወት በአንድ እረፍት አራት ራኬት የሰባበረ ጊዜ፣ ሁለቱ ከፕላስቲክ ሽፋናቸው እንኳ ያልወጡ፣ ምን እንደተሰማችሁ እኛ እናውቃለን። በእሱ ፋንታ ይቅርታ!

አሁን ለራስህ፣ ማርኮስ። በነሐሴ 2006 ከዓለም 8ኛ ደረስክ። በዚያን ጊዜ አሠራር የሜልቦርን ፍጻሜ 700 ነጥብ ነበረው፤ ነጥብ የሚቆየው 52 ሳምንት ብቻ ነውና በ2007 በሁለተኛው ጨዋታ በሞንፊልስ ስትሸነፍ 35 ብቻ ተተካልህ። ያም ሆኖ በዊምብልደን ከጆኮቪች ጋር 5 ሰዓት ተጫወትክ። ጉዳት ከ100 ውጭ ሲጥልህ በ2009 ከአቲፒ ዋና ውድድሮች በታች ወዳለው ወደ ቻሌንጀር ወርደህ ቫንኩቨርና ታሽከንት ላይ እንደ ጀማሪ ተጫወትክ። ብዙ ስም ያላቸው ሰዎች እዚያ መውረድ ያሳፍራቸዋል፤ ስታዲየሙ ጠባብ፣ ተመልካቹ ጥቂት፣ ሽልማቱ ትንሽ ነው። አንተ ግን ነጥቡ ያለው እዚያ መሆኑን አውቀህ ሄድክ። ስቶክሆልምን በዚያው ዓመት፣ ሲድኒን በ2010 አሸነፍክ፤ ከቤጂንግና ከዛግሬብ ጋር አራት ዋንጫ ማለት ነው። በዚያው 2010 ኢንዲያን ዌልስ ላይ ፌደረርን፣ ሲንሲናቲ ላይ ናዳልን ጣልክ።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግንህ ግን ለዴቪስ ካፕ፣ ለአገሮች የወንዶች ቡድን ውድድር ነው። ቆጵሮስ የምትጫወትበት ዝቅተኛ ምድብ ለግል ደረጃ የሚያስቆጥረው ነጥብ የለም። በሦስተኛው ምድብ ቡድኖቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው በየቀኑ ነው የሚጫወቱት፤ ሜዳው ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ከዓለም ምርጥ አሥሮቹ ውስጥ የገባ ሰው እግሩን ጠብቆ ቢቀር የሚወቅሰው የለም። አንተ በነጠላ 36 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈህ የስዊድኑን የቢዮን ቦርግን የ33 ክብረ ወሰን አለፍክ። በዚያ ምድብ ከአንተ ጋር ለተሰለፉት የቡድን ጓደኞችህም ምስጋናችን ይድረሳቸው፤ አንተ ነጠላውን ስታሸንፍ ሁለተኛውን ነጥብ ማምጣት የእነሱ ሥራ ነበር።

ለባለቤትህ ለካሮሊና ሽፕሬም፣ ራሷም ተጫዋች ስለነበረች የዚህን ኑሮ ክብደት ሳይነገራት ለምታውቀው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በአሠልጣኝነት መንገድህ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ ታዳጊዎችን የምናሠለጥን የቴኒስ አሠልጣኞች