ስለ ውጊያው ጻፋችሁ፣ ስለ 11 ዓመቱስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሰሞን ስለ ኦጋዴን ጦርነት የአየር ውጊያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ነው። የእኛ ኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ከሶማሊያ ሚግ ጋር እንዴት እንደተገጣጠመ ልቅም አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ጋ ስደርስ ግን ቅር አለኝ። በ1969 ክረምት ሰማይ ላይ ስለሠሩት ጀብዱ ገጽ ሙሉ አላችሁ። ከዚያ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ መማረካቸውንና ከ11 ዓመት በኋላ መመለሳቸውን በአንድ መስመር አለፋችሁት።

ውጊያው እኮ የደቂቃዎች ነገር ነው። እሳቸው ሲማረኩ የተወለደ ልጅ ሲፈቱ አራተኛ ወይ አምስተኛ ክፍል ደርሷል።

እኔ ያደግኩት ደብረዘይት ነው፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት። ሰፈራችን ወታደር የበዛበት ነበር። ጎረቤታችን አብራሪ አልነበሩም፣ የምድር ጦር ሰው ናቸው፤ ግን በዚያው ጦርነት ተማርከው ሶማሊያ ታስረው፣ በ1980 ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው ምርኮኛ ሲለዋወጡ ነው የተመለሱት። ሚስታቸው በቀይ መስቀል በኩል የመጣች አንዲት ወረቀት ነበረቻቸው። ደህና ነኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እናቴን አደራ። በቃ ይኸው ነው። ወረቀቷ የምትቀመጠው ትራሳቸው ስር ባለው ዳዊት ውስጥ ሲሆን፣ እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ እኛን የሰፈር ልጆች እየጠሩ ያስነብቡን ነበር። ሁላችንም በቃላችን ይዘናት ነበር፣ ግን እያየን ካላነበብንላቸው ደስ አይላቸውም። እጥፋቷ ሳስቶ ሊበጠስ ሲል በፕላስተር ለጠፏት።

ሰውየው የመጡ ቀን እልልታው ሌላ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አይጽፈውም። አልጋው አልስማማ ብሏቸው ወራት ሙሉ መሬት ላይ ነው የተኙት። ከማዕድ ሲነሱ ቁራሽ ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሚስታቸው ልብስ ሲያጥቡ ደርቆ ያገኙታል። በር ሲንኳኳ ብድግ ብለው ይቆማሉ። ትንሹ ልጃቸው ደግሞ ለረጅም ጊዜ «ጋሼ» እንጂ «አባባ» አላላቸውም። አባቱን አያውቃቸውማ! እሳቸውም አልተቆጡም። «ተዉት፣ ይለምዳል» ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ልመጣ ነው።

ኮሎኔል በዛብህ ሁለት ጊዜ የተማረኩ አብራሪ ናቸው። የመጀመሪያው በደርግ ዘመን፣ በሻዕቢያ እጅ ነው። ከዚያ ወጡ። ወጥተውም ተመልሰው በረሩ፣ እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸ ነው። ከዚያ ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተጀመረበት በግንቦት 1990 መጨረሻ፣ መቀሌ አይደር ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ በወደቀበት በዚያው ሰሞን፣ ሚግ 23 እያበረሩ አስመራ ላይ ተመቱ። በጃንጥላ ወርደው በሕይወት ተያዙ። መማረካቸው ያኔ በዓለም ዜና ተነግሯል፣ ምስጢር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ዝም።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ማንኛውም ምርኮኛ ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ የመያዝ ካርድ እንዲጽፍ ይፈቀድለት ይላል። ከሞተም መቼ፣ የት፣ በምን ምክንያት እንደሞተና የት እንደተቀበረ ይነገር ይላል። ኤርትራ ስምምነቱን የተቀበለችው ነሐሴ 1992 ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የቀይ መስቀል ሰዎች ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን ገብተው እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱን አገሮች የጉዳት ክስ እንዲዳኝ የተቋቋመው የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽንም በ1995 ባወጣው ውሳኔ ይህንን ጥፋት ነው ብሎታል። እውነቱን ለመናገር እኛንም አልማረንም፤ የኤርትራን ምርኮኞች ሳትለቅ አዘግይታለች ብሎ ኢትዮጵያንም ተጠያቂ አድርጓል። ልክ ነው። የዚያ ማዶ እናትም እንደ ጎረቤታችን ወረቀት ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

ነሐሴ 1994 ላይ የቀሩት የእኛ ምርኮኞች፣ ኅዳር 1995 ላይ ደግሞ የቀሩት የኤርትራ ምርኮኞች ወደየአገራቸው ገቡ። ከተመለሱት መካከል ኮሎኔል በዛብህ የሉም። በ2010 ደግሞ ሰላም ሆነ ተባለ። ሐምሌ 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስመራ ሲያርፍ፣ ሰው መሬት ሲስምና ቤተሰብ ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን እያየሁ አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም። ያን ቀን ሳይቀር በልቤ ይኼ ሰውዬስ እያልኩ ነበር። አሁን የሆነ ሰው ይጠይቅልናል ብዬ ጠበቅኩ። እስካሁን ለሕዝብ በግልጽ የተነገረ መልስ አላየሁም።

ካሉ አሉ፣ ከሌሉም የሉም ይባል። ቤተሰብ እርሙን ያውጣ። ተዝካር እንኳ የሚወጣው እኮ የሞተበት ቀን ሲታወቅ ነው።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ የኮሎኔል በዛብህን ፎቶ አውጡ። ከስሩ «የት ናቸው?» ብላችሁ ጻፉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንም፣ የመከላከያ ሚኒስቴርንም፣ ቀይ መስቀልንም ደውላችሁ ጠይቁ፤ መልስ አንሰጥም ካሉ አንሰጥም ማለታቸውን ጻፉት። የጄኔራል ለገሰንም 11 ዓመት አንድ ቀን ሙሉ ገጽ ስጡት። ከእሳቸው ጋር ታስረው የነበሩ ሰዎች በሕይወት ካሉ ዛሬ አርጅተዋል፣ ቶሎ ሂዱባቸው።

አክባሪያችሁ
ከቢሾፍቱ