ጀማሪ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ቤት ጣሪያ ወድቋል፤ ክረምት ሳይገባ ድረሱልን

በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የጎጃም ልጆችና ወዳጆች፦

የደብረ ማርቆሱ ቤታችን ጣሪያ ባለፈው ሐምሌ መውደቁን ሰምታችኋል። ግድግዳው ላይ የተጋደመውን አጣና ምስጥ ከውስጥ በልቶት ስለ ነበር ንፋሱን አልቻለም። ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። መሰልቸታችሁ ይገባናል፤ እኛም ደክመናል። ሥራው ግን መቆም የለበትም።

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጣ ጀማሪ ባለሙያ ወረዳ ላይ ብቻውን ይመደባል። የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታካሚው ደግሞ «ሆዴ ባር ባር ይለኛል» ይለዋል። ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መለኪያ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። ጀማሪው ድምሩ 10 አልሞላም ብሎ ታካሚውን በስሕተት ሊያሰናብተው ይችላል። ስለ ሞት የሚያነሣው 9ኛው ጥያቄ ግን ለብቻው ይታያል፤ ድምሩ 6 ቢሆንም እዚያ ላይ ከ0 በላይ የመለሰ ሰው ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በዚያው ቀን በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል። «መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣበታል» የሚለው ፍርሃት ስሕተት ነው። ይህን አንብቦ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ፊት ተቀምጦ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ሌላ ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት 6 ጀማሪዎች በየ15 ቀኑ ከአንድ አንጋፋ ጋር ለ2 ሰዓት ይቀመጣሉ። አንዱ የታካሚውን ስም ደብቆ ጉዳዩን በ20 ደቂቃ ያቀርባል፤ ከዚያ እየተፈራረቁ ታካሚና አማካሪ ሆነው ይለማመዳሉ። የዲማና የዋሸራ አገር ሰው ይህን ያውቀዋል፦ የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል እንጂ ብቻውን አይበስልም።

«ገንዘቡ ለትራንስፖርት አለቀ» ላላችሁን፦ አዎ፣ ትልቁ ወጪ እሱ ነበር። ከብቸና፣ ከሞጣና ከቡሬ የሚመጡት ተሳፍረው ነው። በስልክ እንዳናደርገው ኔትወርክ ይቋረጣል፤ የታካሚ ምስጢርም ሰው በሚሰማበት አይወራም። ደረሰኞቹ ተሰንደዋል፤ መጥታችሁ እዩ። ኮርኒሱም ቅንጦት አይደለም፦ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ መደማመጥ አይቻልም፤ መካከለኛው ግድግዳ እስከ ጣሪያ ካልደረሰም ድምፅ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል።

የሚያስፈልገው 60 ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ አጣናና ሞራሌ፣ የቆርቆሮ ሚስማርና ቺፕውድ ነው። እንጨቱ ዘንድሮ ምስጥ እንዳይበላው ሳይሰቀል በፊት በተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ጉልበቱን የሰፈሩ ሰው በደቦ ችሏል። የታመመን መጠየቅ በክርስትናም በእስልምናም ታዟል፤ ጠያቂውን ማሠልጠንም ከዚያው የሚቆጠር ነው። አቅም ያለው አንድ ቆርቆሮ ይቻል፤ ያልቻለ ለሁለትና ለሦስት ይካፈል። እስከ ግንቦት 30 ካልሞላ ሰኔ ይደርስብናል።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በንግድ ባንክ በተከፈተው፣ በ3 ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በየዕድሩ በተላከው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ አለ። ደግመን እንላለን፦ በግለሰብ ሒሳብ አታስገቡ፣ ለማንም በእጅ አትስጡ። በምክንያቱ ቦታ «ጣሪያ» ብላችሁ ስማችሁን ጨምሩ፤ ባለፈው ያለ ስም ለገባው ብር ደረሰኝ መቁረጥ አልቻልንም።