እማዬ፣ የሚከለክለን የለም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «በሰው አገር ስትጸልዩ የሚከለክላችሁ የለም ወይ?» ብለሽኝ ነበር። ሥራ ልገባ ስቻኮል በወጉ አልመለስኩልሽም። የለም እማዬ። ግን ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም።

የምኖርበት ፍለሺንግ የኒውዮርክ ሰፈር ነው። እዚህ የጆን ባውን ቤት የሚባል አሮጌ የእንጨት ቤት አለ። ከ1661 አካባቢ ጀምሮ የቆመ ነው (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ።

ያኔ አገሩ በአንድ የሆላንድ ንግድ ካምፓኒ እጅ ነበር። ከተማዋም ኒው አምስተርዳም ትባል ነበር። ትንሽ ወደብ ናት፤ ሆኖም በ1643 የመጡ አንድ ፈረንሳዊ ካህን 18 ቋንቋ እንደሚነገርባት ሰምተው ጽፈዋል። ገዥው ፒተር ስታይቬሰንት ግን ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ሌላ እንዲኖር አልፈለገም። ሉተራኖቹን ከለከለ። በ1654 ከብራዚል ተሰደው የመጡ 23 አይሁዶችን ላባርር አለ። ካምፓኒው ውስጥ የአይሁዶች ገንዘብ ነበረበትና «ይቀመጡ» አሉት። ኩዌከር የሚባሉትን ክርስቲያኖች ያስጠጋ ደግሞ ይቀጣል ተባለ።

ልቤን የሚነካኝ እዚህ ላይ ነው። በ1657 ሠላሳ ያህል የፍለሺንግ ሰዎች ለገዥው እምቢታቸውን ጽፈው ፈረሙ። ራሳቸው ኩዌከር አልነበሩም! ፍቅርና ሰላም ለአይሁድም፣ ለቱርክም፣ ለግብፃዊም ይገባል፣ ሁሉም የአዳም ልጆች ናቸው አሉ። ለጎረቤታችን ለሐጂ ንገሪያቸው፤ በዚያ ዘመን ቱርክ ሲሉ ሙስሊሙን ማለታቸው ነው።

ደብዳቤውን የጻፈው ታሰረ። የዚያ የእንጨት ቤት ባለቤት ባውንም ኩዌከሮችን ቤቱ ሰብስቧል ተብሎ በ1662 ተያዘ፤ ኋላም በመርከብ ተባረረ። ሆላንድ ድረስ ሄዶ ካምፓኒው ፊት ተሟገተ። በ1663 የሰውን ኅሊና እንዳያስገድድ ለገዥው ተጻፈለት። ዛሬ በባውን ስም በሚጠራው መንገድ ላይ ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ቆሟል።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልችልም። ያችን ከተማ በጉልበታቸው ከሠሯት ውስጥ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን አሉ። በ1644 አሥራ አንዱ ከነሚስቶቻቸው ነጻ ወጡ፣ መሬትም ተሰጣቸው። ልጆቻቸው ግን የተወለዱትም ገና ያልተወለዱትም የካምፓኒው ባሪያ ይሁኑ ተባለ። እናት ነሽና አንቺ ይገባሻል። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትስሚ ለእነዚያ ልጆች አንድ ጧፍ አብሪልኝ።

ልጅሽ