ራስ ገዝነትን ለሚመለከተው ውይይታችን፦ ለአባላት የተላከ ማሳሰቢያ

የተከበራችሁ የመምህራን ስብስባችን አባላት፣

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ለምናደርገው ውይይት ይረዳ ዘንድ ጥቂት ሐሳብ አስቀድሜ ልኬላችኋለሁ። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች በአካዳሚክ፣ በአደረጃጀት፣ በሰው ኃይልና በፋይናንስ ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ መንገድ የከፈተ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። በእኔ እምነት ግን ከስያሜው ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የገንዘቡ አመዳደብ ነው። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ተቋም የማይክሮስኮፕ አምፖል ለመግዛት የቀረበ ጥያቄ ከፊርማ ወደ ፊርማ ሲንከራተት የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ 30 ደረሰና ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ሆነ፤ ተማሪዎቹም ስላይዱን በመስኮት ብርሃን እያዩ ተመረቁ። ስለዚህ በየርዕሱ የተሸነሸነው በጀት ቀርቶ በጥቅል እንዲሰጥ፣ በምትኩም የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የኦዲት ውጤቱን ለመምህራንና ለተማሪዎች በይፋ እንዲያሳውቅ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ደንግጎ ነበር። ራስ ገዝነት የተማሪውን ድርሻ የሚያንር ከሆነ፣ ከጣና ሐይቁ ደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ የሚመጣው የገበሬ ልጅ በምን አቅሙ እንደሚማር ሳንነጋገር ለራስ ገዝነቱ የድጋፍ መግለጫ ባናወጣ እመርጣለሁ።

በየክፍላችሁ የተጓተተ ግዥ ካለ ሰነዱን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።